ሳሉ ስንት ቀኑ ነው?

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ቆሜ መስራት ከጀመርኩ ስምንት አመት ሊሞላኝ ነው፣ በነዚህ አመታት ከምንም በላይ የሰማሁት ቃል "የሳል ሽሮፕ ስጠኝ" የሚለው ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ይብሳል፣ ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ባደረ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ሦስት አራት ሰው ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ እየሳለ ይጠብቀኛል። እኔም ሁሌ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ሳሉ ስንት ቀኑ ነው? መልሱ ታዲያ "ኧረ ቆየ እኮ" ነው። ቆየ ማለት ስንት ነው ስላቸው "እንደው ትንሽ ሰነበተ"። ሲጨቀጨቁ ነው "መውሊድ ላይ ነው የጀመረኝ" ወይ "ጥምቀት ታቦት ሸኝቼ ስመለስ ያዘኝ" የሚለው የሚወጣው፣ ከዛ አብረን በጣት ስንቆጥር ሁለት ወር አልፎት ይገኛል፣ ሰውየው ራሱ ነው የሚደነግጠው።

አብዛኛው ሰው ሳሉን የሚለካው በድምፁ ነው፣ ወይ በአክታው ቀለም፣ ወይ ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳው። እነዚህ ዋጋ የላቸውም አልልም፣ ግን ለሐኪሙም ለናንተም ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የጀመረበት ቀን ነው። ሐኪሞች ሳልን የሚከፍሉት በዕድሜው ነው፤ አዋቂ ላይ ከ3 ሳምንት በታች ከሆነ አዲስ ሳል ነው፣ ከ3 እስከ 8 ሳምንት መሃል ላይ ያለ፣ ከ8 ሳምንት ካለፈ ሥር የሰደደ ይሉታል፣ ልጅ ላይ ደግሞ 4 ሳምንት ካለፈ በቃ ሥር ሰዷል ማለት ነው። ይሄ ዝም ብሎ የቁጥር ጨዋታ አይደለም፣ ምክንያቶቹ ራሳቸው በዕድሜው ይለያያሉ። እኛ አገር ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ መስመር አለ፣ 2 ሳምንት የሚባል፣ እሱን ትንሽ ቆይቼ አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሳል ራሱ ምን እንደሆነ። ጉሮሯችንና የአየር ቧንቧችን ግድግዳ ላይ በጣም ስሱ የሆኑ የነርቭ ጫፎች አሉ፣ ጭስ፣ አቧራ፣ አክታ፣ ትን ያለ ውሃ ሲነካቸው ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ መልእክት ይልካሉ፣ ከዛ እኛ ሳናስብበት ሰውነት አየር በደንብ ይስባል፣ ማንቁርት ላይ ያለውን በር ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፣ የደረትና የሆድ ጡንቻ ከታች አየሩን ያምቀዋል፣ ከዛ በሩን በድንገት ይለቀዋል፣ ነቅንቃችሁ የከፈታችሁት ለስላሳ ማለት ነው። በዚህ ግፊት ነው ቆሻሻው የሚወጣው። ስለዚህ ሳል በራሱ ጠላት አይደለም፣ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው አልጋ ላይ እያለ ነርሷ መጥታ "ሳል እስቲ፣ አክታውን አውጣው" የምትለው ለዚህ ነው፣ መሳል ያቃተው ሰው ሳምባው ውስጥ አክታ ተኝቶበት ኢንፌክሽን ይፈጥርበታል። በነገራችን ላይ ይሄ ቬገስ የሚባለው ነርቭ አንድ ቅርንጫፉ ጆሮ ድረስ ስለሚሄድ ጆሮ ውስጥ ኩክ ተጠራቅሞ ደረቅ ሳል የሚያስለው ሰው አለ፣ ብዙ ባይሆንም አለ።

አዲሱ ሳል አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው፣ ቫይረስ። እኛ "ብርድ መታኝ" እንላለን፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት ብርዷ ይታወቃል፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ስትወጡ አየሩ ሲቀየር ፊታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ግን ጉንፋኑን የሚያመጣው ብርዱ ራሱ ሳይሆን ቫይረሱ ነው፣ ሲበርድ በርና መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ትኩሳቱና ንፍጡ ባንድ ሳምንት ይሄዳል፣ ሳሉ ግን ይቀራል፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ሳል ባንድ ሳምንት መጥፋት አለበት ብሎ ነው የሚያስበው፣ በጥናት የታየው ግን የጉንፋን ሳል በአማካይ ሁለት ሳምንት ተኩል አካባቢ ይቆያል፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ከሄደ በኋላም የቧንቧው ግድግዳ ቆስሎ ስሱ ሆኖ ይሰነብታል። ሰውየው በ8ኛው ቀን መጥቶ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ በራሱ ጊዜ ሊሻለው ሲል ስለወሰደው "አሞክሳሲሊን ነው ያዳነኝ" ይላል፣ የሚቀጥለው ጉንፋን ላይም ያንኑ ይደግማል፣ ለጎረቤትም ይመክራል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ስትውጡት የሚሞቱት ሆዳችሁ ውስጥ ያሉት ደህናዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ የሚተርፉት ደግሞ መድሃኒቱን የለመዱት፣ ነገ የምር የሳምባ ምች ሲይዛችሁ ወይ ልጃችሁን ሲይዘው ያ መድሃኒት ላይሰራ ይችላል። ይሄን እየነገርኩት "ታዲያ አትሸጥም ማለት ነው?" ብሎ ተቆጥቶ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚገዛ ሰው አለ፣ በጣም ያሳዝነኛል ግን እናገራለሁ።

"አክታው እኮ አረንጓዴ ሆኗል" የሚለውም አለ። አረንጓዴነቱ የሚመጣው ኢንፌክሽኑን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ካለ ኢንዛይም ነው፣ እነሱ ደግሞ ለቫይረስም ለባክቴሪያም ይመጣሉ፣ ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ቀለም ላይ የማልደራደረው አንድ ብቻ ነው፣ ደም።

ቤት ውስጥ የምናደርገውስ? እኔ የእናቶቻችንን ነገር የምንቅ ሰው አይደለሁም። ዝንጅብል በሻይ፣ ጦስኝ፣ ትኩስ ነገር፣ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ አክታውንም ያላላል፣ ጥሩ ነው ጠጡ። ማርም ቢሆን ጣዝማ ማር ካገኛችሁማ እሰየው፣ ማር የልጆችን የሌሊት ሳል እንደሚቀንስ በጥናትም ታይቷል፣ ከአንዳንዱ ሽሮፕ የተሻለ ሆኖ። ግን አንድ አመት ላልሞላው ህፃን ማር በፍፁም፣ ጣዝማም ቢሆን፣ ለመቀባባትም ቢሆን አፉ ውስጥ አታድርጉ፣ ማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር የህፃኑ አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ያመነጫል፣ ጡንቻውን እያደከመ እስትንፋስ ሊያሳጣው ይችላል። መታጠኑን ደግሞ ፈልቶ የወረደ ውሃ ላይ ልጅ አታስጎንብሱ፣ በእንፋሎቱ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው በውሃው የተቃጠለ ልጅ ግን አይቻለሁ።

ሽሮፑን በተመለከተ፣ ሁለት አይነት ነው፣ አንደኛው ሳሉን የሚያፍን ነው፣ አንደኛው አክታውን የሚያቀጥን። አክታ ላለው ሳል የሚያፍነውን መስጠት ቆሻሻውን ውስጥ መዝጋት ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ያን ያህል ተአምር የላቸውም፣ ከ6 አመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ባትሰጡ ይሻላል፣ እያስተኛው እናት "ተሻለው" ብላ ታስባለች እሱ ግን ደንዝዞ ነው።

እንጥልን ሳላነሳ ባልፍ ህሊናዬ አይቀበለውም። "እንጥሉ ወርዶ ነው የሚያስለው" ተብሎ ህፃን ልጅ ወስደው የሚያስቆርጡ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ገጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንጥል ጉንፋን ሲይዝ ያብጣል፣ ስለሚያብጥ ይረዝማል፣ ጉንፋኑ ሲለቅ ይመለሳል፣ በቃ ይሄው ነው። ሲቆረጥ ግን ደም ይፈሳል፣ ያልተቀቀለ ምላጭ ስለሆነ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ቴታነስ፣ ኤችአይቪ፣ እና ልጁን የያዘው የሳምባ ምች ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን በከንቱ ያልፋል። ያቺ ሁለት ቀን ለህፃን ብዙ ናት።

አሁን ወደ 2 ሳምንቱ ልመለስ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የሳምባ ነቀርሳ በጣም ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ እዚህ አገር ውስጥ 2 ሳምንትና ከዛ በላይ የሳለ ሰው ሁሉ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ አክታው መታየት አለበት፣ የጤና ባለሙያዎቹም የሚሰሩት በዚሁ መመሪያ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ከሆነ 2 ሳምንትም አይጠበቅም፣ ሳል የጀመረ ቀን ይሄዳል። ማታ ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ ግን እነዚህ ሳይኖሩም ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ "እኔ አልከሳሁም" ብላችሁ እንዳትቀሩ።

እዚህ ላይ ሰውን የሚያስቀረው ፍርሃት ነው፣ በሽታውን ሳይሆን ስሙን። "ሳምባ አለባት" ከተባለች ቡና ላይ የማትጠራ፣ ልጇን የሚያገባ የሚጠፋ ይመስላታል፣ ስለዚህ ጓዳ ገብታ ትስላለች። ስኒዋን ይለዩባታል፣ ሰሃኗን ይለዩባታል። ኧረ ስኒው ምንም አላደረገም! ቲቢ በስኒ አይተላለፍም፣ በእጅ መጨባበጥ አይተላለፍም፣ አብሮ ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነው፣ ታማሚው ሲያስል ሲያወራ የሚወጡት ጥቃቅን ነገሮች የታፈነ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፈው ሌላው ሲስባቸው። ስለዚህ ስኒ ከመለየት መስኮት መክፈት ነው ሰውን የሚያድነው፣ አፍን በነጠላ ወይ በክንድ ሸፍኖ መሳል፣ ፀሐይ ቤት ውስጥ እንድትገባ ማድረግ፣ የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያውን ይገድለዋል። የኛ ቤቶች በተለይ ደጋው ላይ፣ ደላንታ ወረኢሉ አካባቢ፣ ለብርዱ ተብሎ መስኮታቸው ትንሽ ነው ወይ ጭራሽ የላቸውም፣ ከብቱም ሰውም አንድ ጣሪያ ስር ነው የሚያድረው፣ ይገባኛል፣ ቀን ቀን በሩን ከፍቶ ማናፈስ ግን ይቻላል።

ምርመራው ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ አክታ ነው የምትሰጡት። ብቻ አክታ ማለት ምራቅ አይደለም፣ ብዙ ሰው ምራቁን ተፍቶ ይሰጥና "ነፃ ነህ" ተብሎ ይመለሳል፣ በሽታው ግን አብሮት ይመለሳል። አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ሁለት ሦስቴ በደንብ አየር ስባችሁ ከደረት ስር ሳሉ፣ የወፈረውን ነው እቃው ውስጥ የምትተፉት፣ የጠዋቱ ከሁሉ ይሻላል፣ ከቤት ውጪ አየር ላይ ሆናችሁ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በ2 ሰዓት አካባቢ ውስጥ ባክቴሪያው መኖሩን ይለያል፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድሃኒት የለመደ መሆኑንም አብሮ ይናገራል።

ከተገኘ ደግሞ አብሽር፣ ይድናል። መደበኛው ህክምና 6 ወር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 2 ወር አራት መድሃኒት፣ የቀሩት 4 ወር ሁለት መድሃኒት፣ በመንግስት ጤና ተቋም ምርመራውም መድሃኒቱም በነፃ ነው። መድሃኒቱን በትክክል መውሰድ ከጀመረ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ አብዛኛው ሰው ወደ ሌላ ማስተላለፉ በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለቤተሰቡ አደገኛው ያልታከመው ሳል እንጂ እየታከመ ያለው ሰው አይደለም። ሽንት ቀይ ወይ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ደም መስሏቸው መድሃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ስላሉ ነው የምነግራችሁ፣ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ ምንም አይደለም። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ወይ በክንድ የሚቀበር የምትጠቀም ሴት ግን ሪፋምፒሲን ስራውን ስለሚያዳክምባት ለባለሙያዋ ትንገር። አይን ቢጫ ከሆነ ወይ እይታ ከተቀየረ ደግሞ ነገ ሳይባል ወደ ሰጣችሁ ተቋም መመለስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አታቁሙ። በ2ኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ክብደት ይመለሳል፣ ሰው ዳንኩ ብሎ ይተወዋል፣ የቀሩት ባክቴሪያዎች መድሃኒቱን ለምደው ይመለሳሉ፣ ያኔ ህክምናው ይከብዳል። እቤት ውስጥ ያሉትም ሁሉ መታየት አለባቸው፣ በተለይ ከ5 አመት በታች ያሉ ህፃናት፣ ባይታመሙም መከላከያ መድሃኒት ይሰጣቸዋል። "ቢሲጂ ተከትቧል እኮ" የሚል አለ፣ ሲወለድ የሚሰጠው ቢሲጂ ህፃናትን ከከባዱ ቲቢ፣ የአንጎል ሽፋን ላይ ከሚወጣው አይነት ይጠብቃል፣ አዋቂ ሲሆኑ የሳምባ ቲቢ እንዳይዛቸው ግን ዋስትና አይደለም።

ልጆች። እዚህ ጋ ስልካችሁን አውጡ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ክፈቱት። ልጅ ሲያስል ከሳሉ ይልቅ የምታዩት አተነፋፈሱን ነው። ልጁ ሳያለቅስ ሳይጠባ ተረጋግቶ እያለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 2 ወር ላልሞላው 60 እና ከዛ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ አመት 50 እና ከዛ በላይ፣ ከአንድ እስከ 5 አመት 40 እና ከዛ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው፣ የሳምባ ምች ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቀን ጤና ኬላ ወይ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይሄ ቁጥር የጤና ኤክስቴንሽኗ የምትቆጥረው ያው ቁጥር ነው፣ እናት ቤቷ ሆና ብትቆጥረው የሚከለክላት የለም። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ሳያለቅስም ጉሮሮው ሻካራ ድምፅ ካወጣ፣ ጡት መጥባት ወይ መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይ እንቅልፋም ሆኖ አልነቃ ካለ ማታም ቢሆን፣ ክረምትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ይንጋ ተብሎ አይጠበቅም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ቡና ላይ ቆሎ ይቀርባል፣ ህፃኑም አንድ እፍኝ ይዘግንና ይሮጣል፣ እየሮጠ እየሳቀ ያላምጣል። ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ትን ብሎት መሳል ከጀመረ፣ ሳሉ በኋላ ቢቆምም እንኳን፣ ሽምብራ ወይ ለውዝ የሳምባ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ከሳምንት በኋላ በሳምባ ምች መልክ ይመጣል። ስለዚህ ለሐኪሙ "ቆሎ እየበላ ነበር የጀመረው" ማለታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሁለትና ሦስት አመት ልጅ እጅ ላይ ለውዝና ቆሎ ባይደርስ ነው የኔ ምርጫ።

ትክትክም አለ፣ ሳሉ ሳያቋርጥ ተደራርቦ መጥቶ ልጁ ፊቱ ቀልቶ መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ የሚያሰማው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስታውከው። ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ከሚሰጠው ውስጥ አለ፣ ሦስቱንም ያልጨረሰ ልጅ ካላችሁ አስጨርሱት። በጣም ትንንሽ ህፃናት ላይ ፉጨቱ ላይኖር ይችላል፣ ሳይስሉም ትንፋሻቸው ቀጥ ሊል ይችላል፣ ለዛ ነው ለነሱ ከባድ የሆነው።

ሥር የሰደደው ሳልስ፣ ቲቢ ሳይሆን ሲቀር? ኤክስሬዩ ንፁህ ሆኖ፣ ሲጋራም ሳይጨስ ወራት የሚያስል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፣ አስም፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ ወይ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ንፍጥ። አስም ፉጨት ሳይኖረው ሳል ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ፣ ብርድ አየር ሲነካው፣ የጤፍ ውቂያ ላይ እብቁ ሲነሳ፣ ፋብሪካ ጥጥ አቧራ ውስጥ ሲዋል። የጥጥ አቧራ የራሱ ምልክት አለው እንዲያውም፣ ከእረፍት ተመልሰው በመጀመሪያው የስራ ቀን ደረት ጭምድድ ያደርጋል፣ እንዲህ የሚላችሁ ኮምቦልቻ የምትሰሩ ካላችሁ ለሐኪም ስራችሁን ንገሩት። በአፍ የሚሳበውን ፓፍ ሰው "ሱስ ያስይዛል፣ የመጨረሻ መድሃኒት ነው" ብሎ ይፈራዋል፣ እንደሱ አይደለም፣ በቀጥታ ሳምባ ውስጥ ስለሚደርስ መጠኑ ከኪኒን በጣም ያነሰ ነው። የጨጓራው ደግሞ ቃር ሳይሰማ ሳል ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እራት በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ላይ ይብሳል። ጋደም ሲሉ የሚብስ ሳል ሆኖ ሁለት እግር እያበጠ፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ እያጠረ ከሆነ ግን ጨጓራ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ልብ ሊሆን ይችላል፣ እኛ አገር በልጅነት በታመመ ጉሮሮ የተነሳ የልብ ቧልቧቸው የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ጭስን ለብቻው ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም የእናቶቻችን ሳል ነው። ኩበትና እንጨት በታፈነ ጓዳ ውስጥ ሠላሳ አርባ አመት የሳበች ሴት ሳምባዋ አጫሽ ሰው ላይ የሚታየው አይነት ጉዳት ይደርስበታል፣ አንድም ሲጋራ ሳትይዝ። በአመት ውስጥ ቢያንስ 3 ወር አክታ ያለው ሳል፣ ሁለት አመት ተከታትሎ፣ ይሄ "የጠዋት ሳሌ ነው ለምጄዋለሁ" የምትለው፣ ስም ያለው በሽታ ነው፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ። ማጀቱን ጭስ መውጫ ማበጀት፣ ጭስ የሚቀንስ ምድጃ፣ እንጨቱን አድርቆ ማንደድ፣ ህፃን አዝሎ አለመጋገር። እጣኑም ቢሆን አስም ያለበት ሰው ካለ በሩ ይከፈት፣ ቡናው ያለ እጣን አቦል አይሆንም ስለምንል ማለቴ ነው። ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሁሉ በጭስ ሲሞላ ማግስቱን ፋርማሲው ይጨናነቃል። ያ ልማድ ራሱ የሳምባ በሽታ ትዝታ ነው እኮ፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ ያን ጊዜ ቆሻሻውን ማቃጠል ሰው በእጁ ያለው መከላከያ ነበር። አስም ያለባችሁ ግን በዚያን ቀን ቤት ዋሉ፣ ፓፋችሁን አትርሱ።

ቀን ሳይቆጠር ዛሬውኑ የሚኬድበት ደግሞ አለ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትንሽም ቢሆን። አንድ አረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ መቆራረጥ። ከንፈር መጥቆር። ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት ከትኩሳት ጋር። አንድ እግር ብቻ አብጦ በድንገት ትንፋሽ ማጠር። አዛውንት ላይ ደግሞ ትኩሳት ሳይኖር ዝም ብሎ መዘባረቅና ምግብ መተው፣ ሽማግሌ ሰው የሳምባ ምች ሲይዘው ላይስል ሁሉ ይችላል።

የራሴን እናት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። እማ ሐይቅ አጠገብ ነው የምትኖረው። ነሐሴ ላይ ግፊት አለብሽ ተባለች፣ መድሃኒት ተጀመረላት፣ መስከረም ላይ ሳል ያዛት፣ ደረቅ፣ ጉሮሮዋን የሚኮረኩራት፣ ሌሊት ቁጭ የሚያደርጋት። እኔ ራሴ ሽሮፕ ላክሁላት፣ አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ። ዝንጅብሉ፣ ጣዝማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ሁሉም ተሞከረ። ጥር ሲገባ ጎረቤት ስኒዋን ለየባት፣ ይሄን የሰማሁ ቀን አለቀስኩ። አክታዋ ሁለት ጊዜ ታየ፣ ምንም የለም፣ ኤክስሬይ፣ ምንም የለም። መጨረሻ ላይ ያየቻት ዶክተር "እማማ ምን መድሃኒት ይወስዳሉ?" አለቻት፣ "ምንም አልወስድ ልጄ" አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነው፣ "እማ የግፊትሽስ?" አልኳት፣ "እሱማ ኪኒኔ ነው እንጂ መድሃኒት ነው እንዴ" ብላ መቀነቷን ፈታ አወጣችው። ኢናላፕሪል። ከአስር ሰው አንዱ ላይ ገደማ ደረቅ ሳል የሚያመጣ መድሃኒት ነው፣ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ በጀመሩት በቀናትም በወራትም ሊመጣ ይችላል፣ እኔ ይሄን ተምሬዋለሁ፣ በየቀኑ ከመደርደሪያ ላይ አውርጄ እሰጠዋለሁ፣ እናቴ ላይ ግን አላየሁትም። ዶክተሯ በሌላ የግፊት መድሃኒት ቀየረችላት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። እናንተ ግን ይሄን አንብባችሁ ኢናላፕሪላችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ግፊት ሳይታከም ሲቀር ከሳል የባሰ ነገር ያመጣል፣ የሚቀይረው ሐኪሙ ነው።

ስለዚህ ለሳል ሐኪም ጋ ስትሄዱ የጀመረበትን ቀን በበዓልም ቢሆን አስባችሁ ሂዱ፣ የምትውጡትን ሁሉ ደግሞ፣ የግፊት፣ የስኳር፣ የጨጓራ፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትንም ጭምር፣ ባንድ ፌስታል ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። እማ አሁን ማንም ሳይጠይቃት ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ መቀነቷን ትፈታለች።